ለሩቁ የምንጽፈው፣ ለቅርቡ የምንነፍገው

«ጋሼ፣ ይኼን እንኳ ማንም አይወስደውም፤ በነፃ ልጨምርልህ።»

ይህን ያለኝ እዚህ ሐዋሳ ውስጥ በፍላሽ ፊልም እየጫነ የሚተዳደር አንድ ወጣት ነው። ጊዜው ክረምት ነበር። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም፤ ታቦር ተራራ በጉም ተሸፍኗል፤ እኔም ለሳምንት የሚበቃኝን ፊልም አስጭኜ መብራት ሳይሄድ ቤቴ ለመግባት ቸኩያለሁ። ልጁ በኮምፒዩተሩ ላይ የተደረደሩትን ርዕሶች ሽቅብ ቁልቁል ሲያመላልስ ዓይኔ አንዱ ላይ ዐረፈ። «ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር» ይላል፤ በእኛ አነጋገር «የማዕዘኗ ሱቅ» ብንለው ያስኬዳል። ከፈተልኝ። ጥቁርና ነጭ ነው። ጥቂት ሰዎች አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመው አለቃቸው መጥቶ እስኪከፍትላቸው ድረስ ያወራሉ።

«አየህ፣ ምንም የለውም» አለኝ ልጁ።

ይህን «ምንም የሌለውን» ፊልም እስከ ዛሬ አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ሳቅሁ። በሁለተኛው ሳቄ እየቀነሰ መጣ። በሦስተኛው ከአንድ የቆየ የራሴ ጥፋት ጋር ፊት ለፊት አገናኘኝ። ዛሬ ስለ ፊልሙ ለመጻፍ ብዕር ያነሳሁትም በዚሁ ጥፋት ምክንያት ነው።

ፊልሙ ለእይታ የቀረበው በጥር 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1940) ነው። አውሮፓ ጦርነት ውስጥ ከገባች አራት ወር ሆኗታል፤ በእኛም አገር አርበኛው ከፋሺስት ጣሊያን ጋር እየተዋደቀ ነበር። አዘጋጁ ኤርንስት ሉቢች በርሊን ውስጥ የተወለደ የልብስ ሰፊ ልጅ ሲሆን፣ በልጅነቱ በአባቱ ሱቅ ሠርቷል፤ የሻጭን ሕይወት ያውቀዋል። ታሪኩ የተወሰደው ሚክሎስ ላስሎ ከተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ደራሲ ተውኔት ነው። ዋናዎቹ ተዋንያን ጀምስ ስቱዋርትና ማርጋሬት ሳላቫን ናቸው። ብዙዎቻችን ፊልሙን ባናውቀውም የልጅ ልጁን እናውቃለን፤ ቶም ሃንክስና ሜግ ራያን እ.ኤ.አ. በ1998 በኮምፒዩተር እየተጻጻፉ የተዋደዱበት «ዩ ሃቭ ጎት ሜይል» የተቀዳው ከዚሁ ፊልም ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቡዳፔስት ከተማ፣ አቶ ማቱሼክ በተባሉ ሰው የቆዳ ቦርሳና የስጦታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ፣ አልፍሬድ ክራሊክ የሚባል ወጣት አንደኛ ሻጭ ሆኖ ይሠራል። አለቃው ሲከፈት ሙዚቃ የሚያሰማ የሲጋራ ማስቀመጫ ሣጥን ለማስመጣት ሲያስቡ «ይኼ አይሸጥም» ብሎ ይከራከራቸዋል። በዚያው ሰዓት ክላራ ኖቫክ የተባለች ልጅ ሥራ ፍለጋ ትመጣለች። ክራሊክ ቦታ የለም ብሎ ሊሸኛት ሲል፣ እሷ ያንኑ ሣጥን አንስታ የከረሜላ ማስቀመጫ ነው ብላ ለአንዲት ደንበኛ ዓይኑ እያየ ሸጠችውና ተቀጠረች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ስለ ሸሚዟ ይተቻታል፤ ስለ ሥራዋ ይነዘንዛታል።

ክራሊክ ግን አንድ ምስጢር አለው። ጋዜጣ ላይ ባየው ማስታወቂያ አማካይነት ስሟን ከማያውቃት ሴት ጋር ይጻጻፋል። ስለ መጻሕፍትና ስለ ሕይወት የሚያወሱት ደብዳቤዎች እየዋሉ እያደሩ ፍቅር ሆነዋል። ሴቲቱ ክላራ እንደሆነች እሱ አያውቅም፤ ሰውዬው ክራሊክ እንደሆነ እሷም አታውቅም። ቀን ቀን ባንኮኒ ተደግፈው ይሰዳደባሉ፤ ማታ ማታ እየቤታቸው ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ልቡን ይገልጣል።

የደብዳቤው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1886 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ቴምብሮች ካወጣችና በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች ወዲህ ስንት ልብ በፖስታ ተመላልሷል! ፖስተኛ ቤት ለቤት በማይዞርበት አገራችን ደብዳቤ የሚጠበቀው ቁልፉን በኪስ በምንይዘው ሣጥን ነው። ከእኔ ትውልድ ቀደም ያሉት ወጣቶች በየመጽሔቱ «የብዕር ጓደኛ» ዓምድ ላይ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የሚወዱትንና ፖ.ሣ.ቁ. ያሰፍሩ ነበር። ሣጥኑን ከፍቶ ባዶ ያገኘ ሰው ምን እንደሚሰማው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በፊልሙ ውስጥ ካሜራው ከፖስታ ሣጥኖቹ በስተጀርባ ቆሞ፣ ጓንት ያጠለቀች የክላራ እጅ በጠባቧ ቀዳዳ ገብታ ባዶውን ስትዳስስ የሚያሳይ አንድ ትዕይንት አለ። ቃል የለውም፤ እጅ ብቻ ነው። እኔ ግን ከዚያ ትዕይንት የበለጠ ብቸኝነትን ያሳየኝ ፊልም ትዝ አይለኝም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሥራ ስለ ምን ተረሳ? ፊልሙ በወጣበት ዓመት ለአንድም የኦስካር ሽልማት አልታጨም። ጀምስ ስቱዋርት በዚያው ዓመት ሥራው ኦስካር ቢያገኝም፣ ያገኘው «ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ» በተባለ ሌላ ፊልም ነው። ሉቢች ከዚያ በፊት ግሬታ ጋርቦን ይዞ የሠራው «ኒኖችካ» ይበልጥ ተወራለት። የፊልም አዋቂዎች ውሎ አድሮ «የማዕዘኗን ሱቅ» ከታላላቆቹ ተርታ ቢያሰልፉትም፣ ተራው ተመልካች ዘንድ ከልጅ ልጁ ጀርባ እንደተሸሸገ ቀርቷል።

ዋናው ምክንያት ግን ቀላል መምሰሉ ይመስለኛል። እኛ ዘንድም ክብር ያለው እንባ ነው። በፍቅር ታሪክ ስም ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ መጨረሻውን ርዕሱ ራሱ ይናገራል። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚያሳዝን ታሪክ ነው። እነ «የወንዶች ጉዳይ» ከወጡ ወዲህ አስቂኝ የፍቅር ፊልም ሲኒማ ቤቶቻችንን ቢሞላም፣ ሕዝቡ ተሰልፎ ያየውን እንኳ ቁም ነገር ብሎ የተወያየበት ጥቂት ነው። «ሳቅንበት» ብለን እንወጣለን፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

የሚገርመው ደግሞ የዘመናዊ ተውኔታችን በኩር ኮሜዲ መሆኑ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ «የአውሬዎች ኮመዲያ»ን አዘጋጅተው ለመኳንንቱ ባሳዩ ጊዜ ሥራው ታገደ። የከለከሉት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር ማለት ነው፤ ሳቅ ክብደት አለው።

የሉቢች ፊልም ክብደቱን የያዘው በሳቁ ውስጥ ነው። አቶ ማቱሼክ በአንድ ነገር ላይ «እውነተኛ አስተያየትህን ስጠኝ» ባሉ ቁጥር፣ ፒሮቪች የሚባለው የሁለት ልጆች አባት ደረጃውን ይዞ ይሰወራል። እንስቃለን። ነገር ግን አለቃ ፊት እውነት ተናግሮ የልጆቹን እንጀራ ያጣ ሰው የሚያውቅ ሁሉ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀርበታል። ማቱሼክም ሚስቴ ከክራሊክ ጋር ትማግጣለች ብለው በስህተት ጠርጥረው፣ ለዓመታት ያገለገላቸውን ሰው የሥራ ምስክር ወረቀት አስይዘው ያሰናብቱታል። ጥፋተኛው ሌላ ሠራተኛ መሆኑን ባወቁባት ሌሊት ሽጉጥ አንስተው በራሳቸው ላይ ሊተኩሱ ሲሉ የሱቁ ተላላኪ ይደርስባቸዋል። በገና ዋዜማ ደግሞ እኚሁ ባለጠጋ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው አብሯቸው እራት የሚበላ ሰው ይፈልጋሉ። ሁሉም የሚሄድበት አለው። በመጨረሻ የሚያገኙት አዲሱን ተላላኪ ነው፤ ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌለው ልጅ። የምግቡን ዓይነት ሲዘረዝሩለት የልጁን ፊት ማየት ነው! ይህ «ምንም የሌለው» ፊልም ይህን ሁሉ ይዟል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልለፍ። እውነተኛዋ ክላራ የትኛዋ ናት? የደብዳቤዋ ናት ወይስ የባንኮኒዋ?

አንዱ መልስ «የባንኮኒዋ ናት» የሚል ነው። ሰው በወረቀት ላይ የሚወደውን መልክ ይዞ ይታያል፤ ማንነቱ የሚገለጠው ጠዋት ሲነጫነጭ፣ ሲደክመው፣ ሲቸኩል ነው። ሌላው መልስ የዚህ ተቃራኒ ነው። ክላራ በሱቁ ውስጥ ደመወዟን የምትጠብቅ፣ አለቃ የምትፈራ፣ ባልደረባዋ እንዳይቀድማት የምትጠነቀቅ ሠራተኛ ናት። ማንም በማያያት ሰዓት ብዕር ስታነሳ ግን እንደ ልቧ ትሆናለች፤ ስለዚህ እውነቱ ደብዳቤው ነው።

እኔ ሁለቱንም መልሶች ተቀብዬ ኖሬያለሁ፤ በየትኛውም ቢሆን የሚጠቅመኝን ይዤ። ዛሬ ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ሁለቱም ክላራ ናቸው። ልዩነቱ ያለው ከፊቷ ባለው ሰው ላይ ነው። የብዕር ጓደኛዋ ስለ ሐሳቧ ይጠይቃታል፤ ክራሊክ የሚጠይቃት ስንት እንደሸጠች ነው። ሰው ባልተጠየቀበት በኩል እንዴት ብሎ ይከፈታል?

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር።

በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ እንደወጣሁ አንድ መሥሪያ ቤት በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ተቀጠርኩ። ጠረጴዛችን ተገጣጥሞ አጠገቤ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ በመካከላችን የነበረው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። በዚያው ጊዜ እኔ ስለ አንድ መጽሐፍ በተነሳ ክርክር ፌስቡክ ላይ ከተዋወቅኋት የባሕር ዳር ልጅ ጋር እጻጻፍ ነበር። በየሌሊቱ ገጽ ሙሉ እጽፍላታለሁ። የምትወደውን ዘፈን፣ የምትፈራውን ሕልም፣ ከአባቷ ጋር ያጣላትን ነገር አውቃለሁ። ታጋሽ፣ አስተዋይ፣ ቀልደኛ ነበርኩ። ጠዋት ቢሮ ስገባ ግን ያ ሁሉ እንቅልፍ ያጣ ደግነቴ አልቆ ይመጣል። ከጎኔ ላለችው ሴት የተረፋት «እሺ»፣ «አላውቅም» እና «ዛሬም አረፈድሽ?» ነበር።

እውነት ነው፤ ታረፍድ ነበር። ሥራዋ እኔ ላይ እየወደቀ ነው ብዬ አንድ ቀን ለኃላፊያችን በእጄ ጽፌ አመለከትኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። እኔም እንደ ጨዋ ሰው አንገቴን ደፍቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከወራት በኋላ እናቷ ዐረፉና ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ጎረቤት እናት ሲያወሩ ሰማሁ። ልጅቱ በየማለዳው የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን እናቷን አጥባ፣ አልብሳ፣ አጉርሳ፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነበር ወደ ሥራ የምትሮጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ። እኔ የባሕር ዳሯን ልጅ ሕልም አውቃለሁ፤ አንድ ክንድ ርቃ የምትቀመጠው ሴት እናት መታመማቸውን ግን አላውቅም ነበር። የባሕር ዳሯም ወዳጅነት ሳንተያይ እንደ ዘበት ቀረ።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። እኔ እንኳን ወርቅነቱን መያዜንም አላወቅኩም ነበር።

ለሩቅ ሰው ደግ መሆን የሚቀለን ወጪ ስለሌለው ነው። የሩቁ ሰው አያረፍድብንም፤ ሥራ አይጥልብንም፤ ወንበራችንን አይጎትትም። ጊዜያችንን የምንሰጠው በፈቀድንበት ሰዓት ነው። የቅርቡ ሰው ግን ሳንጠራው ይመጣል። ደግነት በእውነት የሚፈተነው በዚህ ሳይጠሩት በሚመጣ ሰው ላይ ነው። ድሮ በፖስታ ሣጥን፣ ዛሬ በቴሌግራም የምናደርገው ይኸው ነው፤ ለማናውቀው ሰው ልብ እንልካለን፣ ቀና ብለን ግን ቡና ያቀረበችልንን እህታችንን «አስቀምጪው» እንላለን።

ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ ሌላም ከባድ ጥያቄ አለና። ሁለቱ የብዕር ጓደኛሞች ለመገናኘት ይቀጣጠራሉ፤ ምልክታቸው «አና ካሬኒና» የተባለው የቶልስቶይ ልቦለድና ቀይ የካርኔሽን አበባ ነው። በቀጠሮው ቀን ክራሊክ ከሥራ ተባሯል። ፈርቶ ጓደኛውን ፒሮቪችን በካፌው መስኮት እንዲያይለት ይልከዋል። ፒሮቪች ያያል፤ ክላራ ናት። ክራሊክ በመጀመሪያ ጥሏት ይሄዳል። ከዚያ ተመልሶ ይገባል፤ ነገር ግን ማንነቱን አይገልጥም። እሷ ቀጠሮዬን አበላሸብኝ ብላ ከንቱ ሻጭ እያለች ታዋርደዋለች። ከዚያች ማታ እስከ ገና ዋዜማ ድረስ እሱ ያውቃል፤ እሷ አታውቅም።

ይህ ማታለል አይደለምን? በመጀመሪያ ሳየው «ብልህ ልጅ» ብዬ አልፌው ነበር። በኋላ ግን ያቺ ባዶ ሣጥን የምትዳስስ እጅ አላስተኛ አለችኝ። ክላራ በዚያ ባዶነት ታማ አልጋ ይዛለች፤ ክራሊክም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ የላከው ደብዳቤ ሲደርሳት ፊቷ ሲበራ ተመልክቷል። የሚያውቅ ሰው በማያውቅ ሰው ላይ ሥልጣን አለው። ሥልጣኑም እንዳስደሰተው ፊቱ ላይ ይታያል።

ለእሱ የሚከራከር ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ ወዲያው ቢነግራት ኖሮ ክላራ የምትወደው ወረቀቱን ነበር፤ ሻጩ ክራሊክ እንደተጠላ ይቀር ነበር። እሱ የፈለገው በባንኮኒው በኩልም እንድታየው ነው። ይህ እውነትነት አለው። ለእኔ ግን ክራሊክን የሚያድነው መጨረሻው ነው። አበባውን ኮቱ ላይ ሰክቶ ማንነቱን ሲገልጥላት፣ ክላራ ቀደም ሲል «እግርህ ወልጋዳ ነው» ብላ ሰድባው ስለነበር እውነቱን ማየት ትፈልጋለች። የተከበረው የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ እግሩን ያሳያታል!

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በበደለው ሰው ፊት ይንበረከካል። ክራሊክ ሱሪውን መሰብሰቡ የዚያ ድንጋይ ታናሽ ወንድም ሆኖ ታየኝ። ለብዙ ቀን ብቻውን በእሷ አለማወቅ ሲስቅ የከረመ ሰው፣ አሁን ራሱን ለሳቋ ያቀርባል። የኮሜዲ ፍርድ ይህ ነው። የሐዘን ታሪክ ለፍቅር ሲባል ሞትን ይጠይቃል፤ ኮሜዲ የሚጠይቀው ክብርን ማውረድ ነው። የትኛው ይከብዳል? ለሚወዱት ሰው እሞታለሁ የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ። «ተሳስቻለሁ፤ ሳቂብኝ» የሚል ግን ጥቂት ነው።

ፊልሙን ለሦስተኛ ጊዜ ባየሁ ማግሥት ለዚያች የቀድሞ ባልደረባዬ ረጅም የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሞላ። ሳነበው ያምራል። ማማሩ ነው ያሳፈረኝ፤ እንደገና ከሩቅ ሆኜ በወረቀት ደግ ልሆንላት ነው። ቀድጄ ጣልኩትና ደወልኩላት። ዛሬ እዚሁ ሐዋሳ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተገናኘን። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዙሪያውን ዞሬ ዞሬ፣ በመጨረሻ ያመለከትኩባት እኔ መሆኔን ነገርኳት።

«አውቅ ነበር እኮ» አለችኝ። «ኃላፊው ማመልከቻውን ሲያሳየኝ ጽሕፈትህን ለየሁት።»

የምለው ጠፋኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ወራት አብረን ተቀምጠናል። በየጠዋቱ እየሮጠች ገብታ፣ ቦርሳዋን ወንበሯ ላይ ሰቅላ፣ «እንዴት አደርክ?» ስትለኝ ትዝ ይለኛል። አንድ ጠዋት እንኳ አላስቀረችም። እሷም እንደ ክራሊክ የምታውቀውን ይዛ ዝም ብላ ነበር። በዕውቀቷ ግን ልትጫወትብኝ አልፈለገችም፤ ሰላምታዋን ብቻ ቀጠለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንተ መች ጠየቅኸኝ?» ብላ ሳቀች።

ይቅር ትበለኝ አትበለኝ በቃል አልሰማሁም፤ ሳቋን ግን ወስጄአለሁ። ከካፌው ወጥቼ በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከተቀመጡት ወጣቶች ገሚሶቹ እንደ እኔ ዘመን አንገታቸውን ስልካቸው ላይ ደፍተዋል። አባ ኮዳዎቹ ከዛፍ ላይ ቁልቁል ያዩናል። ለማን እንደሚጽፉ አላውቅም፤ ምናልባት ለሩቅ ሰው ውብ ነገር እየጻፉ ይሆናል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተስ? ዛሬ ማታ ለማን ልትጽፍ ነው? አጠገብህ ያለው ሰውስ ጠዋት ስለ ምን ዘግይቶ እንደመጣ ጠይቀኸው ታውቃለህ?